ከሳንባ ያልተመለሰው ደም

ጥር ፲፮ ቀን

ለሕፃናት አፍ ምስጋናን፣ ለሽማግሌዎች ጆሮ ትዕግሥትን በሰጠ በእግዚአብሔር ስም፣ ለምወድሽ ለልጅ ልጄ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እንዴት ሰነበትሽ? አክስትሽስ እንዴት ናት? የስፌት መኪናዋ ተጠገነላት ወይ? እኔ ለአምላኬ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ ዕድሜውን ስለማውቅለት አልቈጣውም።

ደብዳቤሽን የመኪናው ረዳት አድርሶልኛል። ሰላምታዋ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥያቄዋ ሥር የላትም። ሁለት ሰዎች አንድን ነገር ቃል ሳያዛንፉ ቢናገሩት አንዱ ከሌላው ሰረቀ ይባላል ወይ ብለሽኛል። በእኔ ቤት ይህ ስርቆት ሳይሆን የትምህርት ፍጻሜ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትደግሚያለሽ፤ አንዲት ቃል የዘለልሽ እንደ ሆነ ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን። እንዲህ አድርገሽ ነው ጸሎቱን ሁሉ ፊደል ሳትለዪ ከአፌ የተቀበልሽው። መምህሩ የሳተ እንደ ሆነ ግን ተማሪው ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይይዛል። የሚያስተምር ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚፈራው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ጥያቄሽ የትምህርት ጥያቄ አልመሰለኝም፤ የችሎት ጠረን አለው። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ደርሶ ሳለ ስንተኛ እንደ ሆንሽ አልነገርሽኝም። በአንድ ዴስክ አብራሽ ስለምትቀመጠው፣ ተማሪዎቹ «ጭምቷ» ስለሚሏት ልጅ በደብዳቤሽ ሁሉ ትጽፊልኝ ነበር፤ በዚህኛው አንዲት ቃል የለም። ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?

አያትሽ


ጥር 24

ለተከበሩ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄውን ብቻ ልኬ ነገሩን በመደበቄ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስኪያልፍ ድረስ ባልነግርዎት ይሻላል ብዬ ነበር፤ አላለፈም።

እኔና ጭምቷ በኩረጃ ተከሰናል።

የምናጠናው እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ የታደለው ለሦስት ተማሪ አንድ ነው፤ ማታ ማታ ሦስተኛዋ ልጅ ይዛው ትሄዳለች። ስለዚህ እኔ በእረፍት ሰዓት በቃሌ እይዘውና ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ውኃ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠን ለጭምቷ እነግራታለሁ። ቤቷ ማጥናት አትችልም። ያላቸው አንድ ክፍል ነው፤ እናቷ የሰው ልብስ አጥባ እዚያው ታሰጣለች። ጭምቷ ሰው ፊት ድምፅ አይወጣትም፤ የእኔንም ዓይን ትፈራለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቧንቧው ስትዞር ግን እንደ ውኃው ይወርድላታል።

ፈተናው ላይ ደም ከልብ ተነሥቶ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር አብራሩ ተባለ። ሁለታችንም መጽሐፉ እንዳለ ጻፍነው። ግን እኔ ስይዘው አንድ መስመር ዘልዬ ኖሯል። የታደሰው ደም ከሳንባ ወደ ልብ የግራ ክፍል ይመለሳል የሚለውን። ለእርሷም ዘልዬ ነገርኳት። በሁለታችንም ወረቀት ደሙ ሳንባ ይገባል፤ ከዚያ ሳይወጣ በድንገት ከልብ ወደ መላው ሰውነት ይረጫል።

መምህራችን፣ ሁሉም «ቀይ ብዕር» የሚሏቸው፣ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አንሥተው ለክፍሉ አሳዩ። «እነዚህ ሁለቱ ደማቸው ሳንባ ገብቶ ይቀራል። ሐኪም ዘንድ ልላካቸው ወይስ ርእሰ መምህሩ ዘንድ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አንዷ ካሴት ናት፤ ሌላዋ የተቀዳባት ናት» አለ። ካሴት የሚሉት እኔን ነው። ተነሥቼ «አልተኮራረጅንም፤ አብረን አጥንተን ነው» አልኩ።

«አብረው የሚያጠኑ ሰዎች አብረው ያውቃሉ እንጂ አብረው አይሳሳቱም» አሉኝ።

የካቲት 3 ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን። ትምህርቱን በቃላችን እንድንለው አንድ በአንድ ያስገቡናል። በኩረጃ የተፈረደበት ለዓመቱ ይሰናበታል፤ ሰኔ ላይ የመልቀቂያ ፈተና አይቀመጥም። ለራሴ አልፈራም። ለእርሷ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ከበሩ አጠገብ መስኮት አለ። እዚያ ቆሜ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ብጀምርላት የቀረውን ትወጣዋለች። ላድርገው ወይ? ጉልበትዎስ በእውነት እንዴት ነው?

የልጅ ልጅዎ


ጥር ፳፱ ቀን

ያለ አድልዎ በሚፈርድ በጌታ ስም ሰላም ለአንቺ ይሁን።

የጠየቅሽኝን በአንድ ቃል እመልስልሻለሁ፤ አይሆንም። በመስኮት አትቁሚ። ንጹሕ ሰው እንደ ሌባ ሲያንሾካሹክ ከተገኘ ንጽሕናውን በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጠ፤ ቢያዩሽ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። የራስሽን በይና ውጪ። ከበሩም ራቂ። የቀረውን ለሚሰማው አምላክ ተዪለት።

ለልጅቱ ግን አንድ መላ አለኝ። ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን፣ ሰው ፊት ምላሱ የሚታሰርበትን ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ባልንጀራውን ከጎኑ አስቀምጥለት ነበር። ባልንጀራው የመጀመሪያይቱን ቃል ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይህን ፍርሃት እንለዋለን እንጂ አለማወቅ አንለውም። እንግዲህ በመስኮት ሳይሆን በበሩ፣ በግልጥ፣ ሰብሳቢውን በአክብሮት ለምኛቸው። የተማሩ ሰዎች ናቸውና ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። እርሱን እዚህ ላይ እዘለዋለሁ፤ መዝለል የአንቺ ብቻ አይደለም።

አያትሽ


የካቲት 9

ለተከበሩ አባባ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። የአክስቴ የስፌት መኪና ተሠርቷል። የምትሰፋው የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሾርባችን ውስጥ ሳይቀር ክር እናገኛለን። ከምሳ በኋላ የነበረው ፈረቃችን ወደ ጠዋት ተዛውሯል፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።

ኮሚቴው ነፃ ብሎኛል። ውጤቴም ተመልሶልኛል። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ካርዱን አክስቴ ፈርማልኛለች። ደስ ይበልዎት።

ስለ ሌላው በሚቀጥለው እጽፋለሁ፤ አሁን ሾፌሩ እየጠራ ነው።

የልጅ ልጅዎ


የካቲት ፳ ቀን

ኀዘንተኛን በማይንቅ አምላክ ስም ሰላም ለአንቺ፣ ለአክስትሽም።

አንደኛ በመሆንሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን ለጎረቤቴ ለአናጢው አነበብሁለት። መዶሻውን አስቀምጦ «እንዲህ ከፍቷት አንደኛ የወጣች ልጅ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም የታየኝ ይኸው ነው።

ሾፌሩ ሳይመሽ ተነሥቶ እንደማያውቅ አንቺም እኔም እናውቃለን። አልቈጣሽም። ሾርባውን ነግረሽኛል፣ ክሩን ነግረሽኛል፤ ልጅቱን ንገሪኝ።

አያትሽ


መጋቢት 3

ለተከበሩ አባባ፣

ይቅር ይበሉኝ። ሾፌሩ አልጠራኝም።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ከመግባታችን በፊት ሰብሳቢውን ለመንኳቸው። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትናገር፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ አንድ ቃል ብቻ ልጀምርላት» አልኩ። ቀይ ብዕር ሳቁ። «ኮራጅ ከነረዳቷ መጣች በሉኛ» አሉ። ሰብሳቢው አልሳቁም። «ልጄ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ፊት ለፊት ነው» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም።

መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ከልብ ጀምሬ ስወርድ ያንኑ መስመር ደግሜ ዘለልኩት። ሆን ብዬ አይደለም፣ አባባ። እንደሚጎድል እያወቅኩ ምላሴ ለምዶት አለፈው። ቀይ ብዕር ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይህችስ በእርግጥ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው የጎደለው» አሉ። በዚያ አመኑኝ። ያዳነኝ ስሕተቴ ነው።

ከዚያ እርሷ ገባች። እኔ ከበሩ ራቅሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ የአሸዋ ባልዲዎቹ ዘንድ ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ ይሰማል። የሰማሁት ግን የእነርሱን ድምፅ ብቻ ነው። «ጀምሪ።» ዝም። «ከየት ነው የሚነሣው?» ዝም። «ፈርተሽ ነው ወይስ ሳታውቂው ነው የጻፍሽው? አንድ ቃል ብቻ፣ ልጄ።» ዝም። የመጀመሪያው ቃል «ልብ» ነው። ከቆምኩበት ጮክ ብዬ ብናገረው ይደርሳት ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደብዳቤዎን አሰብኩና ዘጋሁት።

ስትወጣ አላለቀሰችም። «ቦርሳዬስ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ማሰሪያውን አጠበቀችና «እናቴ ልብስ ሳታነሣ ልድረስባት» ብላ ሄደች። ለዓመቱ ተሰናብታለች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ምክንያቱ በአንድ ቃል ተለጥፏል፤ ኩረጃ።

የእናቷ እጅ ከሳሙናው ብዛት ቆስሎ ማጠብ አቁማለች ይባላል። እርሷም ዳቦ ቤት ገብታለች። እኔ አልሄድኩም። ምን ብዬ ልሂድ? ዴስካችን ሰፍቶልኛል፤ ክርኔን እንደ ልቤ እዘረጋለሁ።

አንድ ሳምንት በእርስዎ ተቆጥቼ ነበር። ሳልጽፍልዎት የቆየሁት ስለዚህ ነው።

የልጅ ልጅዎ


ግንቦት ፪ ቀን

የተሰወረውን በሚያይ በእግዚአብሔር ስም፣ ለልጅ ልጄ ሰላም ይሁን።

ከእናንተ ተመልሼ በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ። በአክስትሽ ቤት ባደርሁባት ምሽት «ለምን መጡ?» እያልሽ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ ጉልበቴን ላስመረምር ነው አልሁሽ። ግማሽ እውነት ነበር። በማግሥቱ የሞዴል ፈተና ስለ ነበረብሽ ሌላውን ግማሽ ይዤው ተመለስሁ። እነሆ እርሱን ተቀበዪ።

ሐኪሙ ጉልበቴን ዳብሶ ዕረፍት አዘዘልኝ። እኔም ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድሁ።

ልጅቱ ለገዢዎች ጀርባዋን ሰጥታ ትኵሱን ዳቦ ከብረት ትሪው ወደ መደርደሪያው ታዛውር ነበር። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ጀርባዋን ግን ከደብዳቤዎችሽ ዐወቅሁት።

«የካሴት አያት ነኝ» አልኋት።

እጇ ቆመ። ሳትዞር «ደኅና ናት?» አለችኝ።

«ደኅና ናት። አንደኛ ወጥታለች።»

«እርሷ ካልወጣች ማን ሊወጣ» አለች።

ባለቤቱ ከሒሳብ ጠረጴዛው ሆኖ «አባባ፣ ዳቦ ነው ወይስ ወሬ?» አለኝ። «ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ» አልሁት። ሥቆ በርጩማ ገፋልኝ። ተቀመጥሁና እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ከዚያ «ልብ» አልሁ። ከዚህ ሌላ አልተናገርሁም።

ትሪው ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ጀመረች። ድምጿ ከምድጃው ጕርምርምታ በታች ቀጭን ነበረ፤ አልተቋረጠም ግን። እኔ የሳይንሱን ትርጓሜ አላውቅም። ንባብ ሲባል ግን መስማት እችላለሁ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በእርሱ ነውና። አወራረድሽ፣ ዕረፍትሽ፣ ትንፋሽ የምትወስጂበት ስፍራ ሳይቀር በእርሷ አፍ ነበረ። ይህን ከወረቀት ላይ ሰርቆ መውሰድ አይቻልም። ወደ ሳንባ ስትደርስ ልቤ ተሰቀለ። አንቺ በዘለልሽበት ስፍራ እርሷም ብትዘልል፣ ጕድለቱ በቃሏ ተይዞ እንደ ነበረ ምስክር ይሆናት ነበር። አንቺን ያዳነሽ እርሷንም ያድናት ነበር።

አልዘለለችም። «የታደሰው ደም ከሳንባ ወደ ልብ የግራ ክፍል ይመለሳል» ብላ ቀጠለች።

ስትፈጽም «ይህችን መስመር ከማን ተቀበልሽ?» አልኋት።

«ሦስተኛዋ ልጅ ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ መጽሐፉን ይዛ ነበር። ዳቦው እስኪወጣ አየሁት። ካሴት አንድ ጊዜ የዘለለችውን ሁልጊዜ ነው የምትዘልለው። ሰኔ ላይ እንዳትዘልለው ልልክባት ብዬ ነው የያዝኩት። የሚያደርስልኝ ሰው አጣሁ እንጂ።»

ባለቤቱን አስፈቅጄ ይዣት ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድሁ። በመንገድ ላይ «እዚያ ስትደርሺ ዝለዪው» ብዬ ልመክራት ይቻለኝ ነበር፤ በጆሮዋ የምጨምረው አንዲት ቃል ነበረች። ዕድሜዬን ሙሉ አታጕድሉ ስል ኖሬ ለዚህች ልጅ ጕድለትን ላስተምራት አልቻልሁም። ነገሩን ሳልሸፍን ብቻ ነገርኋት። እርሷም «ዐውቄው ልዝለለው? እንዲያማ ከሆነ አሁን ነው የምዋሸው» አለችኝ።

ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞሩላት፤ እኔንም ከጎኗ አስቀመጡኝ። ሁሉንም አለች። ከዚያ ወረቀቷን ካስመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «አባቴ፣ አሁን ያለችው ሙሉ ነው። ያኔ የጻፈችው ጎዶሎ ነው። እኔ አምኛታለሁ። ግን ከተባረረች በኋላ አጥንታ መጣች ሲሉኝ በምን እከራከራለሁ? የፈተናውም ምዝገባ ተዘግቷል።»

ፊቷ ወደ ግድግዳው እንደ ሆነ ሰማችው። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና «ዳቦው እንዳይከስል» ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

ልጄ፣ ከበሩ ራቂ ያልሁሽ እኔ ነኝ። የሚጠየቅበትም እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። የአንድ ሳምንት ቍጣሽን አልመልስልሽም፤ የእኔ ድርሻ ነው።

እነሆ የተላከብሽን መስመር አደረስሁ። ከእርሷ አፍ የወጣ ነውና እንዳይጠፋብሽ።

አያትሽ


ሰኔ 19

ለተከበሩ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈተናው ትናንት አለቀ።

ባዮሎጂ ላይ ያው ጥያቄ መጣ ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ መጥቷል። ለእያንዳንዳችን ለብቻ ዴስክ ተሰጥቶን ነበር። እጄ እንደ ልማዱ ሮጠ፤ ከልብ ወጣ፣ ሳንባ ገባ፤ ሊያልፈው ሲል ቆመ። መጽሐፉ አልታየኝም። እርስዎ እንደ ጻፉልኝ የእርሷን ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ቀጭን፣ ወደ ምድጃ የዞረ። እርሷ ስትል እየሰማሁ ጻፍኩት። በዚያ ወረቀት ላይ ሌላው ሁሉ እኔ ከመጽሐፍ የያዝኩት ነው። ከሰው የቀዳሁት እርሱን ብቻ ነው፣ አባባ። ቀይ ብዕር ቢያዩት ልክ ነው ይሉታል።

ከፈተናው ቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ብዙ ሰው ነበር፤ ተራ ያዝኩ። ስደርስ ሳትዞር ዐወቀችኝ።

«ካሴት፣ ደሙን መለስሽው?» አለች።

«መለስኩት።»

«ጎበዝ። እኔማ እዚያው ሳንባ ውስጥ ይዘሽው ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር።» ትከሻዋ ሲሥቅ አየሁት። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ እስከ ማታ ነኝ» አለች። ስለ ሥራ ሰዓቷ የጠየቅኋት መስሏት ይሁን፣ መልሱ እርሱ ይሁን፣ አላወቅኩም። ከኋላዬ ያለው ሰው «እህቴ፣ ዳቦ እንውሰድ እንጂ» አለኝና ቦታ ለቀቅሁ።

የልጅ ልጅዎ


ሰኔ ፳፰ ቀን

የደከሙትን በሚያስብ በእግዚአብሔር ስም፣ ለምወድሽ ለልጅ ልጄ።

ስለሚመጣው ዓመት እንደምታስቢ ዐውቃለሁ። ለርእሰ መምህሩ ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ አልመጣም። ልጅቱም የእናቷ እጅ ሳይድን ከዳቦ ቤቱ እንደማትወጣ ነግራኛለች። ባልተጨበጠ ተስፋ ላታልልሽ አልሻም።

ይህን ያህል ግን ልንገርሽ። የአናጢው ልጅ ያው መጽሐፍ አላት። ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታነብልኛለች፤ እኔም ተቀብዬ እደግማለሁ። በሽምግልናዬ የደምን መንገድ በቃሌ እየያዝሁ ነኝ። ዛሬ ሳንባ ደርሼአለሁ። ስሳሳት «አባባ፣ እንደ ገና ከልብ» ትለኛለች፤ አታዝንልኝም፤ መልካም መምህር ይወጣታል። ያቺን ልጅ አንድ ቀን የሚሰማት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ከጎኗ ተቀምጦ የመጀመሪያይቱን ቃል የሚሰጣት፣ እስከ መጨረሻይቱም ምንም እንዳላጐደለች የሚመሰክርላት ሰው እንዳይታጣ ነው። እስከዚያ ዕድሜ ይስጠኝ ብዬ እለምናለሁ፤ ለሌላ ነገር አልለምነውም።

አንቺ ወደ ዳቦ ቤቱ መሄድሽን አታቋርጪ። የምትዪው ባይኖርሽም ተራ ያዢ።

የእጆችሽን ድካም ጌታ በፍሬ ይቀበለው። የአክስትሽን ቤት ከክርና ከመርፌ ጋር በሰላም ይጠብቀው። የዚያችን እናት ቁስል ያድርቅላት፤ ወደ እሳት የዞረውን ፊት አንድ ቀን ወደ ብርሃን ይመልሰው። ይህችን ወረቀት የሚያነብ ሁሉ፣ ከነልጆቹና ከነጎረቤቱ፣ በፈራ ጊዜ የመጀመሪያይቱን ቃል የሚሰጠው ባልንጀራ አይጣ። አሜን።

አያትሽ